መጋቢ ይሻው ዕረፍት የወጣ ጊዜ

ይሻው ወደ እምነት የገባው በድምፅ ማጉያ በኩል ነው። ሌሎች አገልጋዮች ሲመሰክሩ በሕልም ተጠራሁ፣ ከሞት አፋፍ ተመለስኩ ይላሉ። እሱ ግን በተጠየቀ ቁጥር «ማጉያ ልጠግን ገብቼ በዚያው ቀረሁ» ነው የሚለው። ሰው ይስቃል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ከጉና ሥር ባለች መንደር፣ አባትና እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት አጎቱ ቄስ ሙላቴ እጅ ላይ አድጎ፣ ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። አንድ ቀን ሙሉሰው የሚባል ቀጭን ወንጌላዊ ወደ ሱቁ መጣና «ወንድሜ፣ ማጉያችን ይጮሃል» አለው።

«ዝም ካለ ነው እንጂ ከጮኸማ ደህና ነው» አለ ይሻው።

«ብቻውን ነው እኮ የሚጮኸው። እኛን አያስደምጥም።»

ቤተ ክርስቲያኗ ከአንድ ግሮሰሪ ጀርባ የተከራየች አዳራሽ ነበረች፤ ምእመናኑ ሠላሳ ቢሞሉ ነው። ይሻው ማክሰኞ ሄዶ ማጉያውን ፈታ፣ አየ፣ ገጠመ፤ ምንም የለበትም። ሐሙስ ደገመ፤ ምንም። ችግሩ የሚነሳው እሁድ፣ ያውም ስብከት መሀል ብቻ ነበር። ሙሉሰው ጠላት እየተቃወመን ነው ብሎ ሁለት ሳምንት አስጸልዮበታል።

ስለዚህ ይሻው እሁድ እሁድ መጥቶ ከማጉያው አጠገብ መቀመጥ ጀመረ። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ምእመናኑ ይህን አይተው ልባቸው ተነካ። «ልጁን ጌታ እየሠራበት ነው» ተባባሉ። አንዲት አሮጊትማ ትከሻውን ይዘው አለቀሱ። ይሻው ሴትዮዋ ዝም እንዲሉለት ብቻ ነበር የፈለገው፤ ሲጢጥታው ሊያመልጠው ነው።

በአራተኛው እሁድ ደረሰበት። የግሮሰሪው የቢራ ማቀዝቀዣ ከአዳራሹ ጋር በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ኖሮ፣ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ማጉያውን ያስጮኸዋል። መስመሩን ለየው፤ ጩኸቱም ቆመ። ሙሉሰው ደስ ብሎት ዋጋውን ቢጠይቀው ይሻው ጭንቅላቱን አከከ።

«ዋጋውን ተዉት። ባለፈው እሁድ ስለ ይቅርታ ሲናገሩ ጩኸቱ አቋረጠዎት። ከዚያ ወዲያ ያለው ምን ነበር?»

ሙሉሰው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይሻውም ከዚያች አዳራሽ አልወጣም።

አጎቱ ቄስ ሙላቴ ወሬውን ሲሰሙ ግማሽ ዓመት አኮረፉ። ከዚያ በሰው እጅ አንድ ቁና ገብስ ላኩለት፤ መልእክት የለበትም። ይሻው እርቅ ነው ብሎ ተረጎመው። የሆነ ሆኖ ከዚያ በኋላ መንደሩ የሚሄደው ሰው ሲሞት ብቻ ሆነ።

አሥራ ሰባት ዓመት አለፈ። ሙሉሰው አርጅቶ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሆነ፤ ይሻው ደግሞ መጋቢ። ሠላሳው ምእመን ሁለት መቶ ደረሰ። ይሻው ሒሳብ የምታስተምር ዓይናለም የምትባል ጥርት ያለች ሴት አግብቶ ሕይወት የምትባል ልጅ ወልዷል። መጋቢ ይሻው ማስተማር ይችላል፣ ማስታረቅ ይችላል፣ የታመመ መጠየቅ፣ ያዘነ ማጽናናት፣ እስከ ዛሬም ሬዲዮ መጠገን ይችላል። የማይችለው እምቢ ማለት ብቻ ነበር።

ስልኩ ከንጋት ጀምሮ አያርፍም። የመዘምራኑ ቡድን ስለ ልብስ ቀለም ተጣልቷል፤ መጋቢ ይምጣ። አቶ እገሌ ላሟ አልበላ አለቻቸው፤ መጋቢ ይጸልይላት። የአዳራሹ መጋረጃ አጠረ፤ መጋቢ ይለካው። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጁ አንድ ቀን የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቡ ብትቆም፣ ቀና ሳይል «እሺ እህት ሕይወት፣ ጉዳይሽን በአጭሩ» አላት። ዓይናለም ከጓዳ ሰማችው።

ልጅቷ ስትወጣ ዓይናለም ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሌላ ሰው ጉዳይ ሳትይዝ፣ እንዲያው አንተና እግዚአብሔር ብቻ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?»

ይሻው ሳያስበው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና መግለጥ ጀመረ።

«ተወው» አለች ዓይናለም። «መለስክልኝ።»

እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ እያለ ነው የሀብታሙና የእመቤት ሠርግ የደረሰው። ሀብታሙ የግብርና ባለሙያ፣ እመቤት የመዘምራኑ መሪ ናት። ኅዳር ስድስት፣ ቅዳሜ ከሰዓት። መጋቢ ይሻው በዚያ ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ አልተቀመጠም፤ የማለዳ ጸሎት መርቷል፣ ሁለት ጎረቤታሞች አስታርቋል፣ ከዚያ ሆስፒታል ገብቶ ሰባት አልጋ ላይ ሰባት ሕመምተኛ እጅ እየያዘ ጸልዮአል። ከሰባተኛው አልጋ ቀጥታ በባጃጅ ወደ አዳራሹ መጣ።

ሙሽሮቹ ፊቱ ቆሙ። አዳራሹ ግጥም ብሏል። መጋቢ ይሻው የሀብታሙን እጅ ያዘ። እጁ ሞቅ ብሎ በላብ ረጥቦ ነበር፤ ሙሽራ ነዋ። የመጋቢው ድካም የቀረውን ሠራ።

«ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለው ዝቅ ባለ፣ በሚያሳዝን ድምፅ። ማጉያው ግን ጥሩ ስለነበር ከውጭ ባጃጅ ላይ የተቀመጡት ሳይቀሩ ሰሙ።

ሀብታሙ ጥያቄው የሥርዓቱ አካል መሰለው። ትንሽ አስቦ «ሁለት ዓመት ከአራት ወር» አለ በታማኝነት።

«የሚብስብህ መቼ ነው?»

ሀብታሙ እመቤትን በጎን አያት። «እ... ማታ ማታ፤ ከተለያየን በኋላ።»

«ሐኪም አይቶሃል?»

ሚዜው ሳል አመለጠው። መጋቢ ይሻው ግን ዓይኑን ጨፍኗል፤ እጁን በሀብታሙ ግንባር ላይ ጭኖ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ወንድም እየው! የያዘው ነገር ሁሉ አሁን፣ በዚህች ሰዓት ይልቀቀው!»

«አሜን!» አለ ጉባኤው፣ ከልማድ።

የሀብታሙን ሌላኛውን እጅ ይዛ የነበረችው እመቤት ነች። ደንግጣ ለቀቀችው።

ከዚያ እመቤት በቬሏ ሥር ሆና ቀስ ብላ «መጋቢ፣ የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ» አለች።

ይሻው ዓይኑን ገለጠ። ነጭ ቀሚስ አየ፤ አበባ አየ፤ ከፊት ወንበር ላይ የሙሽሪት አክስት አፋቸውን በነጠላ አፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየ። ሚስቱን አየ። ዓይናለም አልሳቀችም፤ እሱን ያስፈራው ይኸኛው ነው።

ሥርዓቱን እንደ ምንም ጨረሰ። በማግስቱ ሙሽሮቹ ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እነሱ ግን በሳቅ ሊሞቱ ደርሰው ስለነበር ይቅርታውን በቅጡ አልሰሙትም። ነገሩ ግን በስልክ ተቀርጾ ኖሮ በሳምንቱ ከተማውን አዳረሰው። የባጃጅ ሾፌሮች ሲያልፉ ብሬክ ይዘው «መጋቢ፣ እኔንም ከጀመረኝ ሳምንት ሆነኝ!» ይሉታል።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሙሉሰው ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ «ዐሥር ቀን ታርፋለህ» አለው።

«ማን ያስተምራል? ማን የታመመ ይጠይቃል? መጋረጃው...»

«መጋረጃው አጭር ሆኖ ይቆያል» አለ ሙሉሰው።

ዓይናለም ዝም ብላ መዳፏን ዘረጋች። ይሻው ገባው። ስልኩን አወጣና ሁለት ጊዜ አይቶት ሰጣት። «መንደር ሂድ» አለችው። «አጎትህ ገብስ የሚያጭድላቸው ሰው የላቸውም። አንተም ሥራ ሳትይዝ መቀመጥ አትችልም። እኔ ትምህርት ቤት አለብኝ፤ እዚህ ከቆየህ በአጥር ዘለህ ትወጣለህ።»

መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው በተባለበት ቀን፣ ኅዳር ዐሥራ ስምንት ሐሙስ፣ በሚኒባስ እስከሚያደርሰው ሄዶ የቀረውን ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጓዘ። ቄስ ሙላቴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ከሩቅ አዩት። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ሰባ አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ግን እንደ ጭልፊት ነው። ገና ሳይደርስ ጮሁ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ፣ አባ። ልረፍ ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ልረፍ?» አሉ ቄሱ ደንግጠው። «ምነው ልጄ፣ እዚያ የሚቀብርህ ሰው አጣህ?»

ይሻው ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸውም መስቀሉን ከኪሳቸው አወጡና ትንሽ አመነቱ፤ መለሱት። በመስቀሉ ፈንታ በመዳፋቸው ራሱን ዳበሱት።

እራት ላይ ይሻው እጅጌውን ሰብስቦ «ነገ በጠዋት አጨዳ እንጀምራለን» አለ።

«ነገ ገብርኤል ነው።»

«እንግዲያው ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ ሰንበት ነው። እሁድ ጽዮን ማርያም ናት። ሰኞ እናጭዳለን።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ምን ልሥራ?»

ቄስ ሙላቴ ሽሮውን አጥቅሰው ጎረሱና በደንብ አላመጡ። «ልረፍ ነው የመጣሁ አላልክም?»

በማግስቱ ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የጾም ወራት ስለሆነ ቅዳሴው እስከ ከሰዓት ይዘልቃል። ይሻው ካቡ ላይ ተቀመጠ። እጁ ኪሱ ገባ፤ ስልክ የለም። ተነሣ፤ ተቀመጠ። እጁ እንደገና ኪሱ ገባ። ቁልቁል የአጎቱ ገብስ ደርሶ ይወዛወዛል። ማጭዱ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። እኔ ገብርኤልን በዚህ መንገድ አላከብርም፣ ደግሞስ አንድ ነዶ ብቻ ቢሆን ማን ያየኛል፣ አለ በልቡ።

ሦስተኛዋን እፍኝ ሲቆርጥ ከማዶው ኮረብታ ላይ ድምፅ ተነሣ።

«ኧረ ሰው! የቄስ ሙላቴ ልጅ ገብርኤልን ሻረ! ኧረ በረዶ ሊያስወርድብን ነው!»

ጎረቤቲቱ እትዬ ጌጤ ነበሩ። የሳቸው ድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሰማዩ ላይ አንዲት ትንሽ ደመና ነበረች፤ ሁሉም እሷን እያየ ይሻውን ይቆጣል። ያልታጨደ ገብስ በየማሳው አለ፤ በረዶ ቢወርድ የዓመት ጉርስ ነው የሚሄደው። ይሻው ማጭዱን ከኋላው ደብቆ፣ ሁለት መቶ ሰው የሚያስተዳድር መጋቢ መሆኑን ረስቶ፣ እንደ ልጅ አቀርቅሮ ቆመ።

በመጨረሻ ቄስ ሙላቴ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ መጡ። ነገሩን ሰሙ፤ የተቆረጠችውን ገብስ አዩ። «እጁ እንጂ ልቡ አልሻረም» አሉ። «ልጁ ታሟል። ሥራ የሚባል በሽታ ይዞታል። የመጣውም ሊታከም ነው።»

ሰዉ ለሰለሰ። ለበሽተኛ ሁሉም ያዝናል። ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፤ እስከ ሰኞ ማጭድ ቀርቶ ውሃ እንኳ አይቅዳ። እትዬ ጌጤም ጠባቂ ሆነው ካቡ ላይ አጠገቡ ተቀመጡ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጌጤ ቤታቸው ሄዱ፤ ቄሱ ቦታቸውን ያዙ። ይሻው የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። የሠርጉን ነገር ሲሰሙ ቄስ ሙላቴ ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እኔ ስድሳ አባወራ የንስሐ ልጅ አለኝ» አሉ። «ሁሉም ይጠራኛል። አንድ ጊዜ በጎረምሳነቴ ሁሉንም አዳርሳለሁ ብዬ ክርስትና ላነሣ ሄጄ፣ ሕፃኑን ታቅፌ ፍትሐት ልጀምር ነበር። እናቲቱ ቀማችኝ።»

«እርስዎም?»

«አንተ ብቻ ጅል የሆንክ መሰለህ? ያዳነኝ በዓል ነው። ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ዛሬ ጊዮርጊስ ነው ሲባል እምቢ የማልለውን ሰው ቀኑ ራሱ እምቢ ይልልኛል።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እናንተ ጻድቃኑን በሙሉ አሰናበታችሁ። ይሁን፤ በዚህ አልሟገትህም፤ ደክሞኛል። ግን ዕረፍታችሁም አብሯቸው መሄዱን አላያችሁም።»

«እኔ ካልሄድኩላቸው ማን ይሄዳል፣ አባ?»

«አንተ ሳትወለድም ሰው ይታመም ነበር። ይድንም ነበር» አሉ ቄሱ።

ቅዳሜ ይሻው እዚያው ካብ ላይ ተቀመጠ። እንደ ልማዱ የሰዎቹን ስም በተራ እየጠራ መጸለይ ጀመረ፤ መሀል ላይ ጠፋበት። እንደገና ጀመረ፤ ጠፋበት። ተወው። ነፋስ በገብሱ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሳያስበው ዓይኑን ጨፈነ፤ አንገቱን ሰበር አደረገ። ድሮ በዚያች አዳራሽ ያዳምጥ እንደነበረ ትዝ አለው። ያኔ ምንም አይናገርም ነበር፤ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲናገር ነው የኖረው። አሁን የሚናገረው ሲያጣ፣ አንድ የሚያውቀው ሰው ጠጋ ብሎ አጠገቡ የተቀመጠ ያህል ደረቱ ውስጥ ሞቅ አለው። ምንም አልለመነም። እንባው ግን ወረደ።

«ምነው?» አሉ እትዬ ጌጤ፣ ጥበቃቸው ላይ ናቸው።

«ምንም፣ እትዬ።»

«ጥርስህን ነው? ቅርንፉድ አለኝ።»

ሰኞ አጨዳ ተጀመረ። ይሻው በአንድ ሰዓት ውስጥ እጁ ውኃ ቋጠረ፤ እስከ ቀትር አጎቱ ሦስት ትልም ጥለውት ሄዱ። አመሻሽ ላይ ነዶው ላይ ተዘርሮ «አባ፣ ነገ ጊዮርጊስ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ፤ በሕይወቱ በዓል እንዲህ ናፍቆ አያውቅም።

ደብረ ታቦር ሲመለስ በመጀመሪያው እሁድ አስታወቀ። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋቢ የለም፤ የሞተ ካልሆነ በቀር እንዳይጠራ። ሕመምተኛ የሚጠይቁ አራት ሰዎችም በስም ጠራ፤ እመቤትና ሀብታሙ ከነሱ መሀል ናቸው።

ከተማው ግን ነገሩን በሌላ ተረጎመው። ቄስ አጎቱ ዘንድ ሰንብቶ መጥቶ ቅዳሜን ማክበር ጀመረ! አንዱ ተመለሰ አለ፤ ሌላው አዲስ ትምህርት አመጣ አለ። አንዳንዱማ መነኮሰ ብሎ ዓይናለምን ሊያጽናናት መጣ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሙሉሰው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ የእምነት መግለጫውን በፌስታል ይዞ በሩን አንኳኳ።

«መጋቢ አለ?» አለ።

«የለም» አለች ዓይናለም።

«የት ሄደ?»

«የትም። ጓሮ ተኝቷል።»

ሽማግሌዎቹ ጓሮ ዞሩ። መጋቢ ይሻው ሰሌን ላይ በጀርባው ተንጋልሏል። ሕይወት ሆዱ ላይ ተደግፋ የማካፈል ሒሳብ ትሠራለች፤ እሱ ይሳሳታል፤ እሷ ታርመዋለች።

«ይሻው» አለ ሙሉሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሰንበትን በተመለከተ አቋምህን ልንሰማ ነው የመጣን።»

«አቋም የለኝም፣ ጋሼ። ተኝቻለሁ እኮ።»

«ቅዳሜን ለምን መረጥክ?»

«ዓይናለም ትምህርት ቤት የማትሄድበት ቀን ስለሆነ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በእምነት መግለጫው ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሕይወት ተነሥታ ሌላ ሰሌን ዘረጋችላቸው። ሙሉሰው ለትንሽ ጊዜ ብሎ ተቀመጠ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ክርክሩን ከየት እንደሚጀምር ሲያስብ አፉን ከፍቶ አንቀላፋ። የቀሩት ሁለቱ ሰብሳቢያቸው ሳይነቃ ስብሰባ መቀጠል ስለማይችሉ እነሱም ተጋደሙ።

በማግስቱ እሁድ መጋቢ ይሻው ሃያ አምስት ደቂቃ ሰበከና ጨረሰ። ሲጨርስ ማንም አልተነሣም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት ስለለመዱ ትንፋሽ ሊወስድ የቆመ መስሏቸው ነበር። እሱ ወርዶ ከዓይናለም አጠገብ ተቀመጠ። ሰዉ ግራ ገብቶት ትንሽ ቆየና፣ ማንም ሳያዘው፣ በየወንበሩ ዞር እያለ እንዴት ሰነበትክ፣ እንዴት ሰነበትሽ መባባል ጀመረ።